የመስኖ ፓምፕ ውኃን ከስንት ሜትር ጥልቀት ይስባል?

ለእርሻ ልማት ሠራተኞችና ለመስኖ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ የስሌት ትምህርት

መግቢያ

በደጋና በወይና ደጋ የሚገኙ ብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ በፓምፕ እየሳቡ በበጋ ወራት ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ድንች ያመርታሉ። ፓምፑ በኅዳር ወር ሲተከል በደንብ ይሠራል። ጥር አልቆ የካቲት ሲገባ ግን፣ ይኸውም ሽንኩርቱ ኮረቱን በሚያሳድግበትና ውኃ አጥብቆ በሚፈልግበት ወቅት፣ ፓምፑ የሚሰጠው ውኃ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ውስጡም ጠጠር የዋጠ ይመስል ያንኳኳል። አንዳንዴም ሞተሩ እየዞረ ውኃው ጨርሶ ይቆማል።

በዚህ ጊዜ በማኅበሩ ውስጥ ክርክር ይነሣል። የፓምፑ ኦፕሬተር ናፍጣ ሸጠ ወይም ሞተሩን ያለ ዘይት አስነሣ ተብሎ ይወቀሳል። መካኒክ ተጠርቶ ሞተሩ ይፈታል፤ ያልተበላሸው ዕቃ ይለወጣል። ይህም ሳይረዳ ሲቀር ኮሚቴው ተሰብስቦ «ጉልበት ያለው ሞተር እንግዛ» ብሎ ይወስናል። አዲሱ ሞተር መጥቶ ከዚያው ቦታ ላይ ሲተከል ውኃው እንደ ቀድሞው አይመጣም። የማኅበሩ ገንዘብም የዓመቱ ሰብልም አብረው ይጠፋሉ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ አይደለም። ፓምፑ ከውኃው በላይ የተቀመጠበት ከፍታ ለአካባቢው አየር ግፊት የማይስማማ ሆኖ ነው። ይህንንም ፓምፑ ከመገዛቱና ከመተከሉ በፊት በወረቀትና በእርሳስ ማወቅ ይቻላል። ስሌቱ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል የሚያልፍ ነገር የለበትም።

ፓምፕ ውኃን አይጎትትም

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ። ፓምፕ ውኃን እንደ ገመድ ይዞ ወደ ላይ አይጎትትም። ፓምፑ የሚያደርገው በመሳቢያ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውኃውን ወደ ቱቦው ውስጥ ገፍቶ የሚያስገባው በወንዙ ገጽ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ክብደት ነው። በቀጭን መቃ ውኃ የሚጠጣ ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ከመቃው ውስጥ አየሩን ያወጣል፣ ውኃውን ወደ አፉ የሚገፋው ግን ውጭ ያለው አየር ነው።

ነገሩ የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በኢጣልያ የነበሩ የፓምፕ ሠሪዎች ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ስበው ማውጣት አቅቷቸው ይቸገሩ ነበር፤ ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ጉዳይ አንሥቶታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቶሪቼሊ የአየርን ክብደት በሜርኩሪ ቱቦ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ የፓስካል እኅት ባል የነበረው ፔሪዬ ያንኑ ዓይነት ቱቦ ይዞ በፈረንሳይ አገር ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። በተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው ከሥር ከነበረው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባልን መጠን ከላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ክብደቱም ያንሳል ማለት ነው። ለእኛ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ይህ የተራራው ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም ብዙው እርሻችን የሚገኘው ከተራራው ላይ ነውና።

የአየር ግፊት በሜትር ውኃ ሲለካ

የውኃ ግፊት የሚገኘው ጥልቀቱን በውኃው ክብደት በማባዛት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ከሥሩ ላይ 9.81 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ያሳድራል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህንን ለ9.81 ስናካፍል 10.3 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ ምንም ዓይነት ብክነት የሌለበት ፍጹም ፓምፕ ቢገኝ እንኳ ከ10.3 ሜትር በላይ ሊስብ አይችልም።

በልዩ ልዩ ከፍታ ላይ ያለው አማካይ የአየር ግፊት በሜትር ውኃ ሲገለጽ የሚከተለውን ይመስላል።

ከባሕር ወለል በላይ 0 ሜትር ........ 10.3 ሜትር ውኃ
500 ሜትር ........ 9.7
1,000 ሜትር ........ 9.2
1,500 ሜትር ........ 8.6
2,000 ሜትር ........ 8.1
2,500 ሜትር ........ 7.6
3,000 ሜትር ........ 7.1

በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ከፍታ ሲያጋጥም መካከሉን ገምቶ መውሰድ ይበቃል። ለምሳሌ በመካከለኛው አዋሽ ወረር አካባቢ ከፍታው 740 ሜትር ገደማ ስለሆነ 9.4 ሜትር ውኃ ይያዛል። በሆለታ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ 7.7 ሜትር ይሆናል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት 1.7 ሜትር ነው። በቆላ ሲሠራ የታየ ፓምፕ በደጋ ለምን እንደሚለግም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አይደለም፤ የፋብሪካው መግለጫ ብዙውን ጊዜ «7 ሜትር ይስባል» ወይም «8 ሜትር ይስባል» የሚለው በባሕር ወለል ደረጃ፣ ያውም በጣም ጥቂት ውኃ ሲስብ ነው። የአካባቢውን ከፍታ ከካርታ ወይም ከእጅ ስልክ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ የ50 ሜትር ስሕተት ብዙ አያናጋም።

ከዚህ ላይ የሚቀነሱ አራት ነገሮች

የአየሩ ግፊት በሙሉ ውኃውን ከፍ ለማድረግ አይውልም። አራት ነገሮች ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

የመጀመሪያው የውኃው ትነት ነው። ግፊት በጣም ሲቀንስ ውኃ ሳይሞቅ ይፈላል። በደጋ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዥም ጊዜ የሚወስዱት ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። በፓምፑ መግቢያ ላይ ግፊቱ ከዚያም በብዙ ዝቅ ስለሚል በ20 ዲግሪ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ሊፈላ ይችላል። የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ወደ ኢምፔለሩ ጠርዝ ሲደርሱ በኃይል ይፈነዳሉ። ያ እንደ ጠጠር የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ አረፋዎች ድምፅ ነው፤ ካቪቴሽን ይባላል። ፓምፑ በዚህ ሁኔታ ለብዙ ሰዓት ከሠራ ኢምፔለሩ በምስጥ እንደ ተበላ እንጨት ይቦረቦራል። ለዚህ የሚቀነሰው በ20 ዲግሪ 0.2 ሜትር፣ በ25 ዲግሪ 0.3 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 0.4 ሜትር ነው።

ሁለተኛው በመሳቢያ ቱቦውና በፉት ቫልቩ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ በእጃችን ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ፓምፑ ራሱ በመግቢያው ላይ ሳይፈላ እንዲሠራ የሚፈልገው ግፊት ነው። ይህ ቁጥር በፋብሪካው መግለጫ ላይ «ኤን ፒ ኤስ ኤች» ተብለው በሚነበቡ አራት የላቲን ፊደላት ይጻፋል። እንደ ፓምፑ ዓይነትና እንደ ውኃው ብዛት ይለያያል፤ ብዙ ውኃ በተሳበ መጠን ቁጥሩም ይጨምራል። ማኅበሩ ፓምፕ ሲገዛ ይህንን ቁጥር የሚያሳየውን ሥዕል ከሻጩ መጠየቅ አለበት። ሥዕሉን ማቅረብ ከማይችል ነጋዴ ባይገዛ ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ውስጥ 3 ሜትር እንይዛለን።

አራተኛው መጠባበቂያ ነው። የአየር ግፊት ከቀን ቀን ትንሽ ይለዋወጣል፣ ፉት ቫልቩ ቅጠልና ደለል ይይዛል፤ ስለዚህ 0.5 ሜትር መተው ይገባል።

የፍጥነትና የሰበቃ ስሌት

በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው የውኃ መጠን የቱቦው የአፍ ስፋት በውኃው ፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ያው ውኃ በጠባብ ቱቦ እንዲያልፍ ከተደረገ መፍጠን አለበት። ለመስክ ሥራ እንዲመች ቀመሩን እንደሚከተለው አሳጥረን ማስቀመጥ እንችላለን።

ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) = 12.7 × ሊትር በሰከንድ ÷ (የቱቦው ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር × ያው ዲያሜትር)

ከዚያ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለ19.6 ማካፈል ነው። የሚገኘው ውጤት «የፍጥነት ከፍታ» ይባላል፤ የሚነበበውም በሜትር ነው። በቱቦው ውስጥ የሚጠፋው ከፍታ የዚህ ቁጥር ብዜት ነው። ለቀጥተኛው ቱቦ ብዜቱ የሚገኘው የሰበቃውን ቁጥር በርዝመቱ አባዝቶ ለዲያሜትሩ በማካፈል ሲሆን (ሁለቱም በሜትር)፣ የሰበቃው ቁጥር ለለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ 0.02፣ ሽቦ ላለው የመሳቢያ ጎማ 0.025፣ ለአሮጌ የብረት ቱቦ 0.03 ወይም ከዚያ በላይ ሊያዝ ይችላል። ለፉት ቫልቩና ለአንድ ክርን በጠቅላላው 3 ይጨመራል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ አንድ ማኅበር በሰከንድ 10 ሊትር ለመሳብ ይፈልጋል እንበል። የመሳቢያው ጎማ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። የወንዙ ውኃ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። በኅዳር ወር ወንዙ ከፓምፑ 1.8 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በየካቲት መጨረሻ ግን 3.2 ሜትር ዝቅ ይላል።

ፍጥነቱ፦ 12.7 × 10 ÷ (7.5 × 7.5) = 2.26 ሜትር በሰከንድ።

የፍጥነት ከፍታው፦ 2.26 × 2.26 ÷ 19.6 = 0.26 ሜትር።

የጎማው ብዜት፦ 0.025 × 8 ÷ 0.075 = 2.7። የፉት ቫልቩና የክርኑ 3 ሲጨመር 5.7 ይሆናል።

የሚጠፋው ከፍታ፦ 5.7 × 0.26 = 1.5 ሜትር።

እንግዲህ ከአየሩ ግፊት እንነሣና እንቀንስ።

7.7 − 0.2 − 1.5 − 3.0 − 0.5 = 2.5 ሜትር

ይህ ፓምፕ በዚህ ጎማ በሰከንድ 10 ሊትር ሊስብ የሚችለው ከውኃው ገጽ ከ2.5 ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ነው። በኅዳር 1.8 ሜትር ላይ ስለነበረ ያለ ችግር ሠራ። በየካቲት 3.2 ሜትር ሲሆን ከወሰኑ በ0.7 ሜትር አለፈ። የኦፕሬተሩም የሞተሩም ጥፋት የለበትም። 5 ፈረስ ጉልበት የነበረውን ሞተር በ20 ቢለውጡት በወንዙ ላይ ያለው አየር አይከብድም።

ጎማውን በማስፋት የሚገኝ ትርፍ

በዚያው ምሳሌ የመሳቢያውን ጎማ ብቻ ወደ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር፣ ብንለውጠው ፍጥነቱ 1.27 ሜትር በሰከንድ፣ የፍጥነት ከፍታው 0.083 ሜትር ይሆናል። የጎማው ብዜት 2፣ ከፉት ቫልቩና ከክርኑ ጋር 5 ነው። የሚጠፋው 0.4 ሜትር ብቻ ይሆናል።

7.7 − 0.2 − 0.4 − 3.0 − 0.5 = 3.6 ሜትር

ከ2.5 ሜትር ወደ 3.6 ሜትር ከፍ አለ። የየካቲቱ 3.2 ሜትር አሁን ከወሰኑ በታች ስለሆነ ፓምፑ በዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ሰብሉን ሊያደርስ ይችላል። ስምንት ሜትር ጎማ፣ አንድ ፉት ቫልቭና አንድ ማጥበቢያ መግዛት ከአዲስ ሞተር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

የፓምፑ አፍ 3 ኢንች ስለሆነ ጎማውም 3 ኢንች መሆን አለበት የሚለው አስተያየት የተሳሳተ ነው። ሰፊው ጎማ እስከ ፓምፑ አፍ ድረስ መጥቶ እዚያው በማጥበቢያ ይያያዛል። ማጥበቢያው ግን በላይ በኩል ቀጥ ያለ፣ በታች በኩል የሚጠብ ቢሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ ከላይ በኩል አየር ይከማችበታል። ጎማውም ከውኃው ጀምሮ እስከ ፓምፑ ድረስ ያለማቋረጥ ወደ ላይ የሚወጣ እንጂ በመካከሉ እንደ ግመል ሻኛ የሚነሣ መሆን የለበትም። በሻኛው ላይ የተያዘ አየር ፓምፑን በየጊዜው ያስቆመዋል። ፉት ቫልቩ ከውኃው ገጽ ቢያንስ ሁለት ክንድ ያህል መጥለቅ፣ ከወንዙም ወለል ከፍ ማለት ይኖርበታል።

ሰፊ ጎማ የማይገኝ ከሆነ በማስተላለፊያው በኩል ያለውን መዝጊያ በጥቂቱ ዘግቶ የሚሳበውን ውኃ መቀነስ ይቻላል። ውኃው ሲቀንስ የሰበቃው ብክነትም ፓምፑ የሚፈልገው ግፊትም ስለሚቀንሱ ማንኳኳቱ ይቆማል። በመሳቢያው በኩል መዝጋት ግን ነገሩን ያብሰዋል፤ ይህ ስሕተት በብዙ ቦታ ይታያል።

ፓምፑን ዝቅ ማድረግና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ስሌቱ ፓምፑ ዝቅ ማለት እንዳለበት ካመለከተ ለበጋው በወንዙ ዳር በአካፋ ደረጃ ቆርጦ ፓምፑን ወደዚያ ማውረድ ነው። ደረጃው ላይ በድንጋይ የተደለደለ መቀመጫ ይሠራለታል። የበልግ ዝናብ በሚጥልባቸው አካባቢዎች ወንዙ በአንድ ሌሊት ሊሞላ ስለሚችል ፓምፑን አንሥቶ ወደ ላይ የሚያወጣ ሰው በተራ መመደብ ይኖርበታል። ሁለት እጀታ ያለው የእንጨት ቃሬዛ ላይ የታሰረ ፓምፕ በአራት ሰው በቀላሉ ይነሣል።

ከዚህ ላይ ግን በጥብቅ ማስገንዘብ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚስቡ ገበሬዎች ፓምፑ ዝቅ ሲል በደንብ እንደሚስብ ካዩ በኋላ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተሩን በጉድጓዱ ውስጥ አውርደው ያስነሡታል። ይህ ሰው ይገድላል። ከሞተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና የወረደውን ሰው ራሱን አስቶ ይጥለዋል። እርሱን ለማውጣት የሚወርደው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱም አብሮ ይሞታል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ቶሎ አይወጣም። የልማት ሠራተኛው የዚህን ትምህርት ስሌት ሲያስረዳ ይህንን ሳይናገር ከስብሰባው መነሣት የለበትም። ለጥልቅ ጉድጓድ የሚስማማው ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚገፋ፣ ማለትም በውኃው ውስጥ ጠልቆ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ፣ ወይም ለትንሽ ማሳ የገመድ ፓምፕ ነው። የሚገፋ ፓምፕ ከላይ የተባለው የአየር ግፊት ወሰን አያግደውም።

የማስተላለፊያው ቱቦና የሞተሩ ጉልበት

ውኃው ከፓምፑ ከወጣ በኋላ ያለው ስሌት ቀላል ነው። እዚህ ላይ ወሰን የሚሆነው የማኅበሩ ኪስ ነው።

በምሳሌው ማኅበር የውኃው መድረሻ ከፓምፑ 14 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከየካቲቱ የወንዝ ገጽ ሲለካ 17.2 ሜትር ይሆናል። የማስተላለፊያው ቱቦ ፕላስቲክ ሲሆን ርዝመቱ 120 ሜትር ነው። ቱቦው 3 ኢንች ቢሆን የሰበቃው ብዜት 0.02 × 120 ÷ 0.075 = 32፣ የሚጠፋው 32 × 0.26 = 8.3 ሜትር ይሆናል። 4 ኢንች ቢሆን ብዜቱ 24፣ የሚጠፋው 2 ሜትር ነው። የቱቦው ስፋት በአንድ ኢንች ሲጨምር ብክነቱ ወደ ሩብ ወረደ። ለመሳቢያው 0.4 ሜትር፣ ውኃው ከቱቦው ሲወጣ ይዞት ለሚሄደው ፍጥነት ደግሞ 0.3 ወይም 0.1 ሜትር ሲጨመር ጠቅላላው ከፍታ በ3 ኢንች 26.2 ሜትር፣ በ4 ኢንች 19.7 ሜትር ይሆናል።

ለውኃው የሚሰጠው ጉልበት በኪሎ ዋት የሚገኘው 9.81ን በሊትር በሰከንድና በጠቅላላው ከፍታ አባዝቶ ለ1,000 በማካፈል ነው። ለ3 ኢንች 2.57፣ ለ4 ኢንች 1.93 ኪሎ ዋት ይወጣል። ትንንሽ ፓምፖች ከሚሰጣቸው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ያባክናሉ፤ ፓምፑ 55 በመቶውን ለውኃው ያደርሳል ብንል ከሞተሩ ዘንግ ላይ 4.7 ወይም 3.5 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። አንድ ፈረስ ጉልበት 0.736 ኪሎ ዋት ስለሆነ ይህ 6.4 ወይም 4.8 ፈረስ ጉልበት ነው።

ደጋው እዚህም ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ሞተር የሚተነፍሰው አየር በከፍታ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። በ2,400 ሜትር ላይ 76 በመቶው ይቀራል ማለት ነው። ለመጠባበቂያ አንድ አምስተኛ ሲጨመርበት፣ በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለ3 ኢንች ቱቦ 10፣ ለ4 ኢንች ቱቦ 7.5 ፈረስ ጉልበት መሆን ይገባዋል።

የናፍጣውም ልዩነት መታየት አለበት። ትንሽ የናፍጣ ሞተር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ያህል ይበላል። 4.7 ኪሎ ዋት በሰዓት 1.4 ሊትር፣ 3.5 ኪሎ ዋት 1.05 ሊትር ነው። በቀን 10 ሰዓት ለ100 ቀን ከተሠራ ልዩነቱ 350 ሊትር ናፍጣ ይሆናል። ገንዘብ ያዡ ይህንን በአካባቢው ዋጋ አባዝቶ ከሁለቱ ቱቦዎች የዋጋ ልዩነት ጋር ያስተያይ። ብዙ ጊዜ ጠባቡ ቱቦ ርካሽ የሚመስለው በሚገዛበት ቀን ብቻ ነው።

በሰከንድ 10 ሊትር ስንት ማሳ ያጠጣል?

በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 10 ሜትር ኩብ ነው። ሽንኩርት በደረቁ ወራት በቀን 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል ብንልና ከሚሳበው ውስጥ 60 በመቶው ብቻ ለሥሩ ይደርሳል ብንል፣ ለአንድ ሄክታር በቀን 100 ሜትር ኩብ መሳብ ያስፈልጋል። በሰከንድ 10 ሊትር በ10 ሰዓት 360 ሜትር ኩብ ስለሚሆን 3.6 ሄክታር ይበቃዋል። ጥማድ ሩብ ሄክታር በሚሆንበት አካባቢ ይህ 14 ጥማድ ነው። አባላቱ በጠቅላላው 20 ጥማድ ከተከሉ ስድስቱ በየካቲት ይደርቃሉ፤ ይህንን በመስከረም የመደብ ዝግጅት ጊዜ መነጋገር ይሻላል።

ፓምፑ በእርግጥ 10 ሊትር መስጠቱን ለማወቅ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከቱቦው ሥር ማስቀመጥ ነው። በ20 ሰከንድ ከሞላ ትክክል ነው፤ 31 ሰከንድ ከወሰደ የሚሰጠው 6.5 ሊትር ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይገባል። ኦፕሬተሩ በየሳምንቱ አንድ ቀን የወንዙን ዝቅታና በርሜሉ የሞላበትን ሰከንድ በደብተር ላይ ቢመዘግብ፣ ችግሩ ከመምጣቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይታያል፤ ለራሱም ምስክር ይሆነዋል።

መልመጃ

በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ 1,640 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንድ ማኅበር ፓምፑን ከሐይቁ ገጽ 4 ሜትር ከፍ አድርጎ ለመትከል አስቧል። የሚፈለገው በሰከንድ 15 ሊትር፣ ጎማው 4 ኢንች፣ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ፓምፑ በመግቢያው የሚፈልገው ግፊት 3.5 ሜትር ነው። ይሠራል?

መልስ። ከሠንጠረዡ 8.5 ሜትር ይያዛል። ፍጥነቱ 1.9 ሜትር በሰከንድ፣ የፍጥነት ከፍታው 0.19 ሜትር ነው። ብዜቱ 1.5 ከ3 ጋር ተደምሮ 4.5፤ የሚጠፋው 0.8 ሜትር ይሆናል። 8.5 − 0.3 − 0.8 − 3.5 − 0.5 = 3.4 ሜትር። በ4 ሜትር ላይ አይሠራም። ጎማው ወደ 5 ኢንች ቢሰፋ የሚጠፋው 0.3 ሜትር፣ ወሰኑም 3.9 ሜትር ስለሚሆን አሁንም በጥቂቱ ይጎድላል። ስለዚህ በ4 ኢንች ጎማ ፓምፑ ቢያንስ በ0.6 ሜትር ዝቅ ብሎ መተከል አለበት፤ የሐይቁ ገጽ በበጋ የሚሸሸውም በዚህ ላይ ይታሰባል።